የተረፈው አቡጀዲ

ጨርቅ ማቆሸሽ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ለንደን ከመጣሁ በኋላ ነው።

የምሠራው ለቲያትር፣ ለፊልምና ለሙዚየም የጥንት ልብስ የሚሰፋበት ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ክላፋም አካባቢ፣ ከባቡር ሐዲድ ሥር ባለ የጡብ ቅስት ውስጥ ነን፤ ባቡር በላያችን ባለፈ ቁጥር ስፒሎቹ በሳህናቸው ላይ ይንጫጫሉ። እኔ ሰፊ ነኝ። ከጠረጴዛዬ ኋላ፣ ከፕላስቲክ መጋረጃ ወዲያ፣ ሌላ ሴት ትሠራለች። የእሷ ሥራ እኔ የሰፋሁትን አዲስ ልብስ ማስረጀት ነው። በሻይ ትዘፈዝፈዋለች፤ ክርኑን በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍገዋለች፤ ብብቱ ላይ ላብ የሚመስል ቢጫ ትረጭበታለች፤ ጫፉን በጭቃ ቀለም ትለቀልቀዋለች። ጠዋት ንጹሕ ሆኖ የገባላትን ቀሚስ ከሰዓት በኋላ የሃያ ዓመት ድህነት አልብሳ ታወጣዋለች።

ለብዙ ዓመት ይህ አስጠልቶኝ አያውቅም ነበር። እንዲያውም አደንቃት ነበር፤ ላብ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሰፋ፣ ሲደርቅ ጠርዙ እንዴት እንደሚጠቁር እንደ ሐኪም ታውቃለች። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ግን ያንን መጋረጃ ገልጬ መግባት አቃተኝ። ሻይ ውስጥ ያደረ ሊነን የሚሉት የተልባ እግር ጨርቅ ሞቅ ያለ፣ የታፈነ ሽታ አለው። የታመመ ሰው የተኛበት፣ መስኮቱ ያልተከፈተ ክፍል ይሸታል። ያ ሽታ ሲመጣ መቀሴን አስቀምጬ ደጅ እወጣለሁ።

ባለቤቴ የሞተው ባለፈው ዓመት፣ የምንኖርበት የካሌዶኒያን ሮድ ዛፎች ቅጠላቸውን በሚያራግፉበት ሰሞን ነው። አውቶቡስ ነጂ ነበር። ሸሚዙን ራሱ ነበር የሚተኩሰው፤ ሰፊ አግብቶ እንኳ አንገትጌውን ለእኔ አያምነኝም። ሆዱ ውስጥ የወጣው ነገር ሰባት ወር አማቅቆት ወሰደው።

በሞተ ማግስት እትዬ ደወሉልኝ። እትዬ የማኅበራችን አዛውንት ናቸው፤ ስማቸውን ጠርቶ የሚያውቅ የለም፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ለንደን ውስጥ ከእኛ ሰው አንዱ ሲሞት ምን እንደሚገዛ፣ ለማን እንደሚነገር፣ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚያዝዙት እሳቸው ናቸው።

«አቡጀዲ ግዢ፣ ልጄ» አሉኝ። «የነጣውን አይደለም፣ ጥሬውን። አሥራ ሁለት ይበቃል።»

ዌምብሊ ሄድኩ። እዚያ የሕንዶቹ የጨርቅ መደብሮች አሉ፤ ለወርክሾፑም ለሙከራ የምንሰፋበትን አቡጀዲ የምገዛው ከዚያው ነው። ሰውየው ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ «ለመጋረጃ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። አሥራ ሁለት ሜትር ለክቶ ቆረጠልኝ። በባቡር ጭኔ ላይ አድርጌ አመጣሁት፤ ከባድ ነበር።

እትዬ ሳሎኔ ወለል ላይ ዘረጉት። ቢዘረጉት፣ ቢዘረጉት አያልቅም። ቀና ብለው አዩኝ።

«ሁለት ሰው ልትገንዢ ነው እንዴ?»

«አሥራ ሁለት ብለውኛል እኮ፣ እትዬ።»

«አሥራ ሁለት ክንድ ነዋ! እኔ መቼ በሜትር ለክቼ አውቃለሁ?»

ከከበቡን ሴቶች አንዷ ፍፍ አለች። ከዚያ ሌላዋ። እኔም ሳቅሁ፤ ባሌ በሬሳ ማቆያ ተኝቶ፣ ፊቴ በእንባ አብጦ፣ ሳቅሁ። እትዬ ራሳቸው እየሳቁ ክርናቸውን ጨርቁ ጫፍ ላይ ተክለው፣ እስከ መሐል ጣታቸው እየለኩ አሥራ ሁለት ጊዜ ሄዱ። ልክ ግማሹ ላይ አለቀ። ቆርጠው አነሡት። ስድስት ሜትር አቡጀዲ ወለሉ ላይ ቀረ።

«ይሄንንስ?» አልኩ።

«ለራስሽ እንዳትሰፊው። እንዳትሸጪው። መገነዣ ላጣ ሰው ስጪው።»

«እዚህ አገር መገነዣ የሚያጣ ማን አለ፣ እትዬ?»

«ፈልጊ። የሚያጣ አይጠፋም።»

ጠፋ። ከሰልስቱም ከአርባውም በኋላ ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ ጠየቅሁ። ሰው ሞቷል፤ ግን ሁሉም ሰው አለው። አንዷማ ሳልጨርስ «አይ፣ እኛ ከኢየሩሳሌም የመጣ አለን» አለችኝ፤ የተሻለ ዕቃ እንዳላት ሰው። ጨርቁን በላስቲክ ከረጢት አድርጌ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀልኩት። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። አልጋ ለውጬ ተኛሁ፤ ከዚያም ይታያል።

ሥራ ስመለስ አዲስ ትእዛዝ ጠበቀኝ። አንድ ሙዚየም ከካሪቢያን ደሴቶች በአንዷ፣ ስኳር ይተከልባት በነበረችው፣ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን ሰዎች ይለብሱት የነበረውን ልብስ ሊያሳይ ነበር። ከሁሉ በፊት የሚታዩት ሁለቱ ናቸው፦ የእርሻው ባለቤት ሚስት የግብዣ ቀሚስና በባርነት የተያዘች ሴት የሥራ ቀሚስ። ሁለቱንም እንድሰፋ ለእኔ ተሰጡኝ።

ኃላፊያችን ሁለተኛውን «የባሪያዋ ቀሚስ» እያለች ነበር የምትጠራው። ጠዋት ስትገባ «የባሪያዋ ቀሚስ ከምን ደረሰ?» ትላለች፣ ስለ ዳቦ እንደምትጠይቅ። ያ ቃል ይዘገንነኛል። እኛ ሰፈርም ያ ቃል ሰው ላይ ይወረወር ነበር። እኔም በልጅነቴ፣ ውኃ ትቀዳልን በነበረች ልጅ ላይ፣ ሰው እየሳቀልኝ ወርውሬዋለሁ። ስለዚህ ኃላፊዬ ስትለው የምጸየፈው እሷን ብቻ አልነበረም።

በመጀመሪያ የእመቤቲቱን ሰፋሁ። ሐሩ ሰማያዊ ነው፤ ሲንቀሳቀስ ውኃ ይመስላል። ሁለት ወር ጣቶቼ ውስጥ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና ጣቶቼ ወደዱት። በሐዘን ቤት ውስጥ ደስታ የሚባል ነገር ያገኘሁት እዚያ እጥፋት ላይ ነው። አለባበሷን እንድናውቅ ሴትየዋ ወደ እንግሊዝ የላከቻቸው ደብዳቤዎች ግልባጭ ተሰጥቶን ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ በዝግታ አነበብኳቸው። ሙቀቱን ታማርራለች፤ ብል ሐሯን እንደበላባት፣ መርከብ እንደዘገየባት ትጽፋለች። በባርነት የተያዙት ሰዎች ደብዳቤዋ ውስጥ የሚነሡት በገላቸው ጠረን ብቻ ነው። ልብሷን የሚያጥቡላት ሴቶች ወደ ክፍሏ ሲገቡ ኮምጣጤ የተነከረ መሐረብ አፍንጫዋ ላይ እንደምታደርግ ትጽፋለች፤ እንደ ብልሃት፣ ሌሎችም እንዲጠቀሙበት። የራሷን እድፍ ከልብሷ የሚያወጡላትን ሴቶች!

እጄን ታጠብኩ። ከዚያ በኋላ ያ ሐር እንደ እባብ ቆዳ ሆነብኝ። የሰፋሁትን ሁሉ በጥርሴ በጣጥሼ ብጥለው ደስ ባለኝ፤ ግን ሥራ ነው፣ ጨረስኩት።

ደብዳቤው ያስታወሰኝን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ገና አልተናገርኩም።

ባለቤቴ በመጨረሻው ወር ቤት ነበር የተኛው። የሆዱን ቁስል ጠዋትና ማታ እኔ ነበርኩ የምለውጥለት። አንድ ጠዋት ፋሻውን ስፈታው ሽታው ከወትሮው ባሰ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩና የነጠላዬን ጫፍ አፍንጫዬ ላይ አደረግሁ። አፍታ ነች። ዞር ስል እያየኝ ነበር።

«ከበደሽ አይደል?» አለኝ።

«ኧረ! ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

ፈገግ ብሎ «ጉንፋንሽ እኔ ጋ ስትመጪ ብቻ ነው የሚነሣው» አለኝ።

ቀልድ ነበር፤ እንድስቅለት ነው የተናገረው። ሳቅሁለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ፋሻውን ስፈታ መስኮቱን እንድከፍተው ይለምነኝ ጀመር፣ ውጭው ብርድ እያለ። ለእኔ ብሎ በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያቺ እመቤት ከመሐረቧ ጋር በባሕር ማዶ ብትኖርም እኔን አታውቀኝም አልልም።

ሁለተኛውን ቀሚስ ከመጀመሬ በፊት ሙዚየሙ ወደ መጋዘኑ ወሰደኝ። አንድ እውነተኛ ቀሚስ ተርፎ ነበር፤ በቀጭን ነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ በሣጥን ተቀምጧል፣ ማን እንደለበሰው የሚናገር ጽሑፍ የለውም። እንደ ጀላቢያ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ ሻካራ ሊነን ነው። ለእነዚያ ሴቶች ልብስ አይሰጣቸውም ነበር፤ በዓመት አንዴ ቁራጭ ጨርቅ፣ መርፌና ክር ይታደላቸዋል፣ ሰፍተው ይለብሳሉ። ጓንት አጥልቄ ገለበጥኩት።

በቀኝ እጁ የሚሰፋ ሰው የእጅ ስፌት ወደ አንድ ወገን ይጋደማል። የዚህኛው ወደ ሌላው ነበር የተጋደመው። ሴትየዋ በግራ እጇ ነበር የምትሰፋው። ግራኝ የሚለው ቃል እኛ አገር ሌላ ነገር ያስታውሳል፤ እኔ ግን በልቤ ግራኟ አልኳት። ብብቷ ሥር እራፊ ላይ እራፊ ተለጥፏል፤ ሦስት ጊዜ ጥፋዋለች፣ እያንዳንዱ እራፊ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ልቅም ተደርጎ። እድፍ ፈለግሁበት። አጣሁ። ታጥቦ፣ ታጥቦ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ሳስቷል። እመቤቲቱም በአንዱ ደብዳቤዋ ላይ የምታማርረው ይህንን ነው፦ እሑድ እሑድ ሴቶቹ ነጭ ለብሰው ሲያልፉ ሐፍረት የሌላቸው ይመስሏታል። ቢቆሽሹ ትጸየፋቸዋለች፣ ቢነጹ ትቆጣለች።

የግራኟን ቀሚስ በግራ እጄ ሰፋሁት። ጣቴን እየወጋሁ፣ አንድ ክንድ ስፌት ግማሽ ቀን እየፈጀብኝ። ኃላፊዬ መጥታ አጎንብሳ አየችው።

«ስፌቱ ጠማማ ነው።»

«የእሷም እንደዚሁ ነው።»

«ማን ያየዋል?»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። ቀሚሱ ሲያልቅ ግን ከእጄ ወስዳ ከፕላስቲክ መጋረጃው ወዲያ ሰጠችው። በማግስቱ ወጣ። ብብቱ ቢጫ፣ ደረቱ ላይ እንደ ቅባት ያለ ነገር፣ ጫፉ ጭቃ፤ የግራ ትከሻው ከስፌቱ ተቀዶ ጡት አካባቢ ድረስ ተንጠልጥሏል። ሻይ ይሸታል።

«ይሄ መቀደዱስ?» አልኩ።

«ትከሻዋ ይታይ» አለች ኃላፊዬ።

«ይህቺ ሴት መርፌ አላት። ሦስት ጊዜ ጥፋለች። ተቀዶ እንዴት ትለብሰዋለች?»

«ስሚኝ፣ ንጹሕና የተጣፈ ካየ ጎብኚው ምንም አይገባውም። በአሥር ሰከንድ ውስጥ ሊገባው ይገባል።»

«ምኑ?»

«ሥቃይዋ።»

ከዚያ ራቅ ብላ ቆማ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ አየችኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ልክ ሲወሰድ የሚታይ አስተያየት ነው።

«አንቺ ብትለብሺው ልክሽ ነው፣ ታውቂያለሽ? ለማስታወቂያው ፎቶ። ያንቺ ፊት ነው የሚሄድለት። ፊትሽ... ምን ልበልሽ፣ ያለቀሰ ፊት ነው።»

ጥቁር ለብሼ ነበር። ዓመት እስኪሞላ ሌላ እንደማልለብስ ከአንዴም ሁለቴ ነግሬያታለሁ።

«ሐዘን ላይ ነኝ» አልኩ።

«አምስት ደቂቃ ብቻ!»

«እንግዲያው ሐሩን ልልበሰው። እሱም ልኬ ነው፣ ስሰፋ አይቼዋለሁ።»

ሳቀች፤ ሳልስቅ ስታየኝ አቆመች። «እሱንማ...» አለችና አልጨረሰችውም። ከመጋረጃው ወዲያ ግን ሌላ ሳቅ ተሰማ፤ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ያቺ የምታስረጀዋ ሴት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ቡናማ ናቸው። እናቷ ከእነዚያ ደሴቶች በአንዷ ነው የተወለዱት፤ እሷ ግን ለንደን ነው ያደገችው።

«ሐሩን ልልበሰው!» አለች፣ እንደገና እየሳቀች። «ፊቷን ብታዪው!»

«ያንን ትከሻ ለምን ቀደድሽው?» አልኳት። መቆጣቴን አልደበቅሁም።

ሳቋን አቆመች። «ታዝዤ። አንቺ ሐሩን እንደሰፋሽው።» ሲጋራዋን ለኮሰች። «ሃያ ዓመት የድሃ ልብስ ሳቆሽሽ ኖርኩ፣ ውዴ። የሀብታም ልብስ አንድ ቀን እኔ ጋ መጥቶ አያውቅም። እነሱ አያልባቸውም መሰለኝ። አያቴ ይሄን ሥራዬን ብታይ በመጥረጊያ ነበር የምታሳድደኝ። እሷ የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ እንኳ ሳትተኩስ አታስቀምጥም።»

«ባለቤቴም እንደዚያ ነበር።»

ባቡር አለፈ።

«እነዚያ ሴቶች ሲሞቱ በምን ነበር የሚቀበሩት?» አልኳት።

«ማን ይጽፈዋል?» አለች። «የለበሱት ካለ በሱ። ጨርቅ ግን ውድ ነው፤ ለሌላዋ ይተላለፍ ይሆናል። ያ መጋዘን ውስጥ ያየሽው ቀሚስ እንዴት የተረፈ ይመስልሻል? አብሯት አልተቀበረም ማለት ነው።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ቀሚሱን በጓንት ስነካ፣ ስፌቱን ስቆጥር፣ ልብሱ እዚህ ካለ ሴትየዋ ያለ ልብስ ነው የሄደችው ብዬ አላሰብኩም። ምሳዬን ሳልጨርስ ከደንኩት፤ የሻይ ሽታ ግን አልነበረም።

ቤቴ ስገባ ኮቴን ሳላወልቅ ወደ እትዬ ደወልኩ።

«እትዬ፣ አገኘሁ።»

«ማንን?»

«መገነዣ ያጣች።»

«አፈር ይቅለላት። ዘመድ የላትም?»

«የማውቀው የለም።»

«ክርስቲያን ናት?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«አይ፣ እሱን አትጠይቂ። ራቁት ለሆነ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም። መቼ ነው ያረፈችው?»

«ቆይታለች።»

«ስንት ቀኗ ነው?»

«ሁለት መቶ ዓመት ያልፋታል።»

ስልኩ ውስጥ የእትዬ ቴሌቪዥን ይሰማኛል። ያበድኩ መስሏቸዋል ብዬ ላስረዳ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ። «ዘግይተሻል እኮ!»

ከረጢቱን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በቀን ብርሃን፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሰፋሁት። ታች መንገዱ ላይ አውቶቡሶች ያልፋሉ፤ ከእነሱ አንዱን ባሌ ይነዳው ነበር። የመጋዘኑን ቀሚስ ልክ ወሰድኩ፤ እራፊውን ግን አልደገምኩትም። አዲስ ልብስ አይጣፍም። ብብቷ ሥር ሙሉ፣ አራት ማዕዘን ጨርቅ አስገባሁላት፣ እጇን ስታነሣ እንዳይዛት። በሁለቱም ትከሻ ድርብ አድርጌ ሰፋሁት። የተረፈው ጨርቅ ከሥሩ የምትለብሰው ሰፊ ጉርድ ወጣው። በቀኝ እጄ ብሰፋው በሳምንት ያልቅ ነበር፤ በግራዬ አምስት ቅዳሜ ፈጀ። ግራ እጄም እየለመደ መጥቶ መጨረሻው ላይ ስፌቱ ቀና ብሎ ነበር። ስጨርስ የቀረኝ ስንዝር የማይሞላ ቁራጭ ነው።

ኤግዚቢሽኑ የሚከፈትበት ቀን ከሰዓት በኋላ ማኔኪን የሚባሉትን የልብስ ማሳያ የሰው ቅርጾች ለማልበስ ሄድን፤ እኔና ያቺ ሴት። የእመቤቲቱ ሐር በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ መብራት ተጥሎበት ቆሟል። የግራኟ ማኔኪን ደግሞ ጥግ ላይ ነች፤ ጥቁር፣ ፊት የሌላት፣ ቀጭን። ኃላፊያችን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ቀሚሱ ይንጠለጠልባታል፤ ከሥር አንድ ነገር ሙሉበት» ብላ እንግዶች ወደሚቀበሉበት ሄደች። እዚያ ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣው ሮም የተቀላቀለበት መጠጥ በትሪ እየተደረደረ ነበር፤ ብርጭቆው አፍ ላይ ስኳር ተለጥፎበታል። የማን ሐሳብ እንደሆነ አላውቅም።

ከቦርሳዬ አቡጀዲውን አወጣሁ። ሴትየዋ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ይሄ እኔ ጋ አልመጣም።»

«አይመጣም።»

ለምን እንደሆነ በአጭሩ ነገርኳት፤ ስለ ክንዱና ስለ ሜትሩ፣ ከማን እንደተረፈ። አልሳቀችም። ቡናማ እጆቿን ሱሪዋ ላይ ጠረገች፣ አየቻቸው፣ እንደገና ጠረገች፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ሄዳ ታጥባ መጣች። የማኔኪኗን ክንዶች ነቅላ ያዘችልኝ፤ ጉርዱን፣ ከዚያ ቀሚሱን አለበስኳት። ነጭ ሆና ለአንድ አፍታ ቆመች፤ እሑድ ይመስል ነበር።

ከላዩ የቆሸሸውን ማልበስ ነበረብን፤ ትእዛዝ ነው። የኋላውን ገመድ ለማሰር ከጀርባዋ ተጠጋሁ፤ አፍንጫዬ ብብቱ ላይ አረፈ። ሻዩ፣ ቅባቱ፣ ያ የታፈነ ክፍል ሽታ መጣ። ፊቴን ላዞር ነበር። አላዞርኩም። ሁለቱም እጆቼ ገመዱ ላይ ነበሩ፤ እስክቋጥረው ቆየሁ፣ ከቋጠርኩትም በኋላ ትንሽ ቆየሁ። መስኮት የሚያስከፍት ሰው የለም። ጉንፋንም አልያዘኝም።

ኃላፊዬ ልትጠራን ተመልሳ መጣች። ከሩቅ አየችው፦ የተቀደደው ትከሻ ሥር ባዶ ገላ አልነበረም፤ ነጭ፣ ድርብ ስፌት ያለው ትከሻ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሙሉበት አልሽን፣ ሞላንበት» አለች ሴትየዋ።

«አይታይ እንጂ! ትከሻው ላይ ቁረጪው።» መቀስ ከጠረጴዛው አንሥታ ዘረጋችልኝ።

አልተቀበልኳትም። «የሟች ልብስ ነው» አልኩ። «አይቆረጥም።»

«የማን ሟች?»

«የእኔ። አሁን የእሷ ነው።»

አልገባትም፤ በአሥር ሰከንድ የሚገባ ነገር አልነበረም። መቀሱን ወደ ሴትየዋ አዞረች። ሴትየዋ ያጠበቻቸውን እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ደረጃው ላይ የእንግዶች ድምፅ መጣ። ኃላፊዬ መቀሱን በራሷ እጅ ወደ ትከሻው አስጠጋች፤ እኔም በማኔኪኗና በእሷ መሐል ገባሁ። ጥቁር ለብሼ፣ እንዳለሁ። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ብርጭቆ ይዘው በሩ ላይ ታዩ። ፈገግ ብላ መቀሱን ከጀርባዋ ደበቀችው።

«ሰኞ እንነጋገራለን» አለችኝ በጥርሷ መሐል።

ሰኞ ተነጋገርን። ጥሩ ንግግር አልነበረም፤ ከሚቀጥለው ትእዛዝ አወጣችኝ። ጋዜጣ ላይ ግን አንዱ ያንን ነጭ ትከሻ በፎቶ አውጥቶት ነበርና ሙዚየሙ እንዳይነካ አለ። ፎቶው ሥር ምን እንደተጻፈ አላነበብኩም። በመክፈቻው ማታም ሐሩ ፊት ለፊት የቆመች አንዲት እንግዳ «እንዴት ያምራል!» ስትል ሰምቼ ከዚያው ወጥቼ ስለነበር፣ የቀረውን አላየሁም።

ከመክፈቻው በማግስቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እትዬ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያዙኝ።

«ለበሰችው?»

«ለበሰችው፣ እትዬ።»

«ልኳ ሆነ?»

«ትከሻዋ ላይ ትንሽ ሰፋ።»

«ይስፋ። የጠበበ ነው የሚያስቸግረው።» ክንዴን ያዝ አድርገው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ከአቡጀዲው የተረፈ አለ?»

ያቺ ስንዝር የማትሞላ ቁራጭ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። አውጥቼ አሳየኋቸው። ተቀብለው መነጽራቸውን ጠረጉበትና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«በይ፣ አለቀ» አሉ።